የምንተስኖት ሃምሳኛ ጨዋታ

ብሔራዊ ቡድኑ ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ በተከታታይ የበላው ተጫዋቾቹ በሚወጉት መርፌ ነው። መርፌው ለዘጠና ደቂቃ እንደ ነፋስ ያስሮጣቸዋል፤ በየጨዋታው ግን ከዕድሜያቸው አንድ ዓመት ይወስዳል።

አጥቂው ምንተስኖት ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አርባ ዘጠኝ ጊዜ ተሰልፏል። ከዓለም ዋንጫው ፍጻሜ በፊት እናቱን ሊሰናበት አርባ ምንጭ ሲመጣ፣ አዲሷ ጎረቤት በአጥሩ ብቅ ብላ፣ «እትዬ ብርቅነሽ፣ አባትዎ መጡ እንዴ?» አለች።

ብርቅነሽ ጥርስ ለሌለው ልጇ ዓሣውን በጣቷ እያደቀቀች አጎረሰችው።

«ይቅርብህ ልጄ፤ ልብህ አይችለውም።»

«እማዬ፣ አገር ሙሉ እየጠበቀኝ እኮ ነው።»

ውጭ የሰፈሩ ሰው ስሙን እየጠራ ይጨፍራል። ምንተስኖት ጫማውን ሊያስር ቢሞክር ወገቡ አልታጠፍ አለው። ብርቅነሽ ተንበርክካ ክሩን አሰረችለትና ክንዱን ደግፋ እስከ መኪናው ሸኘችው።