የተገኘችበት ቦታ

አዛውንቱ በደብተር ገጾች መሃል የደረቀች፣ ክንፏ እንደ መረብ የተሸመነ አንዲት አረንጓዴ በራሪ ነፍሳት ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲው ከመጡ ወር ሊሞላቸው ነው። በየሳምንቱ አርብ ይመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ ይላሉ። «ታወቀች ልጄ?»

የነፍሳት ተመራማሪዋ ዛሬ ደስታዋን አምቃ መቀመጥ ስላልቻለች በር ላይ ጠበቀቻቸው። የበራሪዋን የክንፍ ጅማቶች አንድ በአንድ ቆጥራ፣ በዓለም ካሉ ዘመዶቿ ሁሉ ጋር አስተያይታ ጨርሳለች።

«እንኳን ደስ ያለዎት አባባ! አዲስ ዝርያ ናት። እስከ ዛሬ የትም አገር ታይታ አታውቅም። በስምዎ እሰይማታለሁ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ደስታው ያስደነገጣቸው መስሏት የምዝገባ ቅጹን አወጣች።

«አንድ መስመር ብቻ ነው የቀረኝ፤ የተገኘችበት ቦታ። ለመሆኑ ደብተሩ የማን ነው?»

«የልጄ ነው። ከመርዶው ጋር ነው የደረሰኝ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «የትኛው ጦር ሜዳ እንደወደቀ የነገረኝ የለም። ይህች በራሪ የምትኖርበትን አገር ከነገርሽኝ፣ ሄጄ አፈሩን ልዘግን ነበር የተመላለስኩት።»