እንደዚያን ቀን እጃችሁን አንሱ

«ነይ እህቴ፣ ነይ ወደ መድረኩ!» ይለኛል በሰፈራችን አፈ ማር የምንለው የምክር ቤት አባል፣ ማይኩን ራሱ ይዞልኝ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። «ይህች እህታችን ባሏን በፋብሪካው ቦይለር ፍንዳታ ያጣች ናት። ማንን እንደምትመርጥ እሷው ትንገራችሁ።»

እወጣለሁ። ከሱ ጎን ኮስታራው የምንለው ተቀናቃኙ ተቀምጧል። እሱም የምክር ቤት አባል ነው፤ የምርጫ ክልላቸው ስለተዋሃደ ዘንድሮ ከሁለቱ አንዱ ወንበሩን ያጣል።

ኮስታራው ለባሌ ቀብር አልመጣም። አፈ ማር ግን ሬሳውን ተሸክሟል፣ ከኔ እኩል አልቅሷል፣ እንባውን የጠረገበትን ነጭ መሐረብ እጄ ላይ ትቶልኝ ሄዷል። አንጀቴን በላው። ደጅ ለደጅ እየዞርኩ «ይህን ሰው ምረጡ» ስል ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት ልጄ የሁለቱን የምክር ቤት ድምፅ አሰጣጥ ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። ለካ በባሌ ሞት ነው ሲያስቀሰቅሰኝ የኖረው!

ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይላሉ። እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ይዤ መጥቻለሁ።

«እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ፣ ንግግር አላውቅም» እላለሁ ወደ ሁለቱ ዞሬ። «ምክር ቤት እንዳነሳችሁት እጃችሁን እዚህም አንሱልንና እኛም እንያችሁ። የቤት ኪራይ ጭማሪ ይገደብ ሲባል የደገፋችሁ?»

ሁለት እጆች ይወጣሉ። አዳራሹ ያጨበጭባል። አፈ ማር ጨዋታው ጥሞታል።

«የተማሪዎች ምሳ በነፃ ይሁን ሲባልስ?»

አሁንም ሁለት እጆች። አፈ ማር ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነው የሚያነሳው። እኔም አብሬ አጨበጭብለታለሁ። ይጣፍጠው ግዴለም።

«የፋብሪካ ቦይለር በየዓመቱ ይፈተሽ ሲባልስ?»

የኮስታራው እጅ ወዲያው ይወጣል። የአፈ ማርም እጅ ጭብጨባውን ለምዷልና ይነሳል፤ ደረቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ኮስታራው ዞር ብሎ ያን እጅ ያየዋል። ፊት ለፊት የፋብሪካው ሠራተኞች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ፍንዳታው ግማሽ ፊቱን የላጠው የባሌ ጓደኛ ነው። ማንም አያጨበጭብም።

«ምነው፣ ደከመዎት?» እለዋለሁ።

«እህቴ... እሱ እኮ ውስብስብ ነገር ነው። በጀቱም...»

«ወይ ያንሱት ወይ ያውርዱት! መቃብር ድረስ ሬሳ ተሸክሞ ያልዛለ እጅ አሁን ምን ነካው?»

ያወርደዋል። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ!» ስትል ይሰማል። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፤ ቅንጣት አላዝንለትም። ወንበሩ ላይ እንደ ጆንያ ዘጭ ይላል።

ቦርሳዬን እከፍታለሁ። መሐረቡን ዛሬ ጠዋት ከደንበኞች ልብስ ሁሉ አስቀድሜ ነው የተኮስኩት። አራት አጥፌ ፊቱ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርለታለሁ።

«የእርስዎው ነው» እለዋለሁ። «ላብዎን ይጥረጉበት።»

ላቡ ቅንድቡን አልፎ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። መሐረቡን ያየዋል። እጆቹ ግን ጉልበቱ ላይ እንደተጋደሙ ናቸው።