የአውጫጭኙ ሦስተኛ ቀን

ጀምበሬን የሰደበው ኢብሮ ነው፤ የፍየል ነጋዴው ኢብሮ። ቀኑም በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የሸዋ ሮቢት ገበያ ሊበተን ሲል። ያን ጊዜ ጀምበሬ የሰፈሩ ዘበኛ ነበር፤ ከኢብሮ በረት ሦስት ፍየል ጠፋ። ኢብሮ ገበያተኛው መሀል ቆሞ፣ «ይኼን ዘበኛ ብላችሁ ከምትቀልቡ አህያ አስራችሁ ብታሳድሩ ይሻላችኋል፤ አህያ እንኳ ጅብ ሲመጣ ያናፋል!» አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ቅቤ ሻጯ ሙሀባ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጀምበሬ የቄስ ትምህርቱን ዳዊት ሳይደግም ነው የተወው፤ የሳቁትን ስም ግን አንድ ሳይቀር በቃሉ ይዞታል።

ይኼው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ ያ ኢብሮ የፊጥኝ ታስሮ ወርካው ሥር ተቀምጧል።

ሌባውን ለማውጣት አውጫጭኝ ከተጠራ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከመስከረም ወዲህ በሰፈሩ አሥራ አንድ በር ተሰብሯል። ጣሊያን የሰዉን ጠመንጃ ገፎ፣ «ከእንግዲህ የምጠብቃችሁ እኔ ነኝ» ካለ ወዲህ ማለት ነው። የጀምበሬ ውጅግራም አብሮ ሄዷል። አሁን ወንድ ሴት ሳይባል ሰፈርተኛው ሜዳ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፤ በየተራ እየተነሳ በሽማግሌው በሐጂ ከቢር ፊት «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ ይምላል። አንድ ሰው «አይቻለሁ» እስኪል ድረስ ደንቡ ማንንም ወደ ቤቱ አይለቅም።

«ሌባ ፍለጋ ብለው እኔን እዚህ ሲያደርቁኝ፣ የተረፉኝን ዶሮዎች ሌባ ጨረሳቸው» አለች ፍየሎቿ የተነዱባት ራቢዓ።

«ዝም በይ፤ ከሰማ አንቺንም ሌባ ይልሻል» አለቻት ሙሀባ።

የፈራችው ሰይፉን ነው፤ ጣሊያን የሾመውን የሰፈር ሹም። ከኢብሮ ቤት ሁለት የፍየል ቆዳ አገኘሁ ብሎ ያሰረውም እሱ ነው። ከፍየል ነጋዴ ቤት የአንበሳ ቆዳ ሊገኝ ኖሯል? ግን ጣሊያኑ አለቃው ነገ ከደብረ ሲና ሲመለስ ገበያ መሀል የሚሰቀል ሌባ አዘጋጅተህ ጠብቀኝ ብሎታል። የጎደለው አንድ ምስክር ብቻ ነው።

«ጀምበሬ፣ ና እስቲ ወዲህ።» ሰይፉ ትከሻውን ይዞ ከወርካው ጀርባ ወሰደው። «ተራህ ደርሷል። ኢብሮን አይቼዋለሁ በል፤ ሌላ ምንም አትጨምር። ያኔ ያደረገህን እኔ አልረሳሁትም፤ አንተማ እንዴት ትረሳለህ? ዘበኝነቱን እመልስልሃለሁ። ጠመንጃም አሰጥሃለሁ።»

ጀምበሬ ይቺን ቀን ተኝቶም ነቅቶም ሲመኛት ኖሯል። ያየውንም ያውቃል። ባለፈው ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ ማሽላውን ከሚጠብቅበት ማማ ላይ ሆኖ፣ የራቢዓን ፍየሎች ወደ ጣሊያን ሰፈር የሚነዳውን ሰው አይቷል። ተፈራ ነው፤ የሰይፉ ሚስት ወንድም፣ ባንዳው ተፈራ። አሁን ጠመንጃውን አንግቶ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሞ የሚጠብቀው እሱ ነው። ጀምበሬ ለማንም አልተናገረም። ለማን ብሎ? ለነዚህ ለሳቁበት?

ወደ ቦታው ሲመለስ የሰይፉ ድምፅ ከኋላው ደረሰው። «አላልኩህም?» ይለዋል ተፈራን። «ይኼ ቂመኛ ለአንድ ስድብ ሰው ያሰቅላል።»

ተፈራም ሳቀ።

የጀምበሬ ጆሮ ነደደ። ኢብሮስ ተናዶ ጮኾ ነው የሰደበው፤ ንብረቱ ጠፍቶበት። ሰይፉ ግን ሳይቆጣ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ፣ ቂሙን መዝኖ እንደገዛው ዕቃ ነው ያወራበት።

«ልጄ ጀምበሬ» አሉ ሐጂ ከቢር፣ «ፈጣሪ ይሰማል። ዓይንህ ያየውን በል።»

ኢብሮ ቀና ብሎ አየው፤ ወዲያው አንገቱን ደፋ። ማን እንደቆመበት ያውቃል።

«አይቻለሁ» አለ ጀምበሬ።

ሰዉ ተንጫጫ። ሰይፉ ወገቡን ይዞ ፈገግ አለ።

«ፍየል ሲነዳ አይቻለሁ! የነዳው ኢብሮ አይደለም። የነዳው ሰው ጠመንጃ አንግቷል። በዚህ ሰፈር ጠመንጃ የያዘ ማነው? ዓይን የላችሁም? እናንተው እዩ!»

ጭንቅላት ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ዞረ። ተፈራ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ምን ትቀባጥራለህ አንተ!» ሰይፉ ጮኸ።

«አይቻለሁ ብሏል፤ ደንቡ ሞልቷል» አሉ ሐጂ ከቢር። ተነሥተው ሽርጣቸውን አራገፉ። «ኢብሮ አይደለም ብሏል። ፍቱት።» ራቢዓ ተነሣች፤ ሙሀባ ተነሣች፤ ሜዳው ሙሉ ሰው ተነሣ። ሰይፉ የቆመውን ሕዝብ ዐይቶ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፤ ገመዱን ፈቱት።

ኢብሮ ገመዱ የበላውን ክንዱን እያሸ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ የጀምበሬን ጉልበት ያዘ። «ወንድሜ፣ አውፍ በለኝ። በድዬሃለሁ። ይኼው ሰዉ ሁሉ ይስማ፤ ይቅር በለኝ።»

«አውፍ በለው እንጂ ጀምበሬ!» አሉ ሴቶቹ።

ጀምበሬ በኢብሮ ራስ ላይ አሻግሮ ተፈራን አየው። ተፈራ እሱን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጀምበሬ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ጣለ። ዛሬ ማታ የሚሰበረው በር የማን እንደሆነ ለጀምበሬ መንገር አላስፈለገውም።

ጉልበቱን ከኢብሮ እጅ አላቀቀ። ኩታውን ትከሻው ላይ ጣለ።

«ጀምበሬ! አንዲት ቃል!» ኢብሮ ተንበርክኮ ቀረ። «አንዲት ቃል ብቻ!»

ዞር አላለም። በዚያው ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ሄደ፤ አጠገቡ ሲደርስ ተፈራ ጠመንጃውን ወደ ጎኑ ሰብስቦ አሳለፈው።