ባዶው ቀፎ

በታይፔይ ስለ ኮምፒውተር ቀፎ መልክ እንደኔ የሚያውቅ አልተወለደም። በተለይ ቴሌቪዥን ስር የሚቀመጠውን የቤት ሲኒማ ኮምፒውተር፣ እኔ «ያምራል» ካላልኩ አንድም ሰው አይገዛውም፤ ካልኩ ደግሞ ሙታን ሳይቀሩ ይሰለፋሉ።

ሃያ ዓመት እንደ ወንድም አብረን የኖርነው ንድፍ አውጪው ዌንሆንግ፣ ያን ዕለት አዲሱን ቀፎ ጠረጴዛ ላይ አቀረበልኝ። ውስጡ ገና ባዶ ነው፤ አንዲት ሽቦ እንኳ የለውም።

«እህሳ፣ የቀፎ ንጉሥ?»

«የድምፅ ማዞሪያው የድስት ክዳን ያህላል። ፊቱም መስታወት ነው፤ ሰው ፊልሙን ትቶ የራሱን ቦርጭ ሊያይ ነው?»

«በናትህ ቹንዪ፣ እንጀራዬ በዚህ ቀፎ ነው የቆመው። ‹ያምራል› በለኝና ልገላገል።»

«ብትሰቅለኝም ከኔ አፍ አትወጣም!»

ዌንሆንግ ቅር እንኳ አላለውም። ከጠረጴዛው ጥግ አረንጓዴውን የበቆሎ ቺፕስ ከረጢት አነሣ። እኛ ዘንድ ማሽን እንዳያምፅ እንደ ክታብ አናቱ ላይ የሚደረግለት እሱ ነው። ለባዶ ቆርቆሮ ምን ሊያደርግለት ነው ብዬ ልቀልድበት አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣኝም።

«ያምራል!» አለ ቀፎው፣ በኔ ድምፅ። «በታይፔይ ስለ ኮምፒውተር ቀፎ መልክ እንደኔ የሚያውቅ አልተወለደም።»

«ተባረክ ወንድሜ» አለው ዌንሆንግ፣ ወደ ቀፎው ጎንበስ ብሎ።

ከዚያ ወደኔ ዞሮ ከረጢቱን ቀስ አድርጎ አናቴ ላይ አስቀመጠው።