አንድ ጣት ክፍተት

መለሰ የሻጩን እጅ ከአንጓው ጨምድዶ ባንኮኒው ላይ ካለው ጣውላ ጋር አጋጨው። ዳር ላይ የነበረው የብሎን ጣሳ ተገልብጦ ብሎኑ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ዘርጋ! እጅህን ዘርጋ ነው የምልህ!»

«አሒ፣ ወንድሜ፣ አብደሃል እንዴ?» አለ ሻጩ ኒሲም። እስራኤል፣ ቤርሼባ ከተማ ውስጥ የአናጢ ዕቃ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። ሊያስለቅቅ ታገለ፤ የመለሰ ክንድ ግን ሃያ ዓመት የበርና የወለል ጠርዝ ሲያለብስ የኖረ ክንድ ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

አየሉ ከታላቅ ወንድሙ ጀርባ ቆሟል። ግራ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ከፋሻው ሥር ዓይን የለም። ወር ሊሞላው ነው። ራሞት ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የጣሪያ ጠርዝ ሲመታ ውሎ ከመሰላል ሲወርድ ጣቱ የያዘውን የሚስማር መምቻ ሽጉጥ ቃታ ነካ፤ ሚስማሩ ከመስኮቱ ብረት ነጥሮ ተመለሰና ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ዛሬ የመጡት ሌላ ባለ ባትሪ የሚስማር ሽጉጥ ሊመርጡ ነበር። እሑድ ሥራ አለ፤ አንድ ዓይን ያለው ሰውም ሆድ አለው። ነገሩ የተበላሸው ኒሲም አዲሱን አውጥቶ «ይሄ አስተማማኝ ነው፣ በእኔ ይሁንባችሁ» ያለ ጊዜ ነው።

«ያኛውንም አስተማማኝ ብለህ ነው የሸጥክልን!» መለሰ ምራቁ እየተረጨ ጮኸ። «አባታችን ጎንደር ቀጥቃጭ ነበር። ማጭድ ሲሸጥ መጀመሪያ በገዛ ክንዱ ይሞክረው ነበር። አንተም በገዛ እጅህ ሞክርልን!»

አዲሱን ሽጉጥ አነሳ። የዚህ መሣሪያ ጠባቂው አፍንጫው ነው፤ አፍንጫው አንድ ነገር ላይ ተጭኖ ወደ ውስጥ ካልገባ ቃታው ቢሳብም አይተኩስም። መለሰ ከኒሲም እጅ በላይ አንድ ጣት ያህል ክፍተት ትቶ ያዘውና ሳበ።

ቀጭ አለ፤ አልተኮሰም። የኒሲም ላብ በአገጩ ወርዶ ጣውላው ላይ ተንጠባጠበ።

«ይሄ ደህና ነው።» መለሰ ሊመልስለት ይዞት የመጣውን አሮጌውን ሽጉጥ ከቦርሳው አወጣ። «አሁን ደግሞ የኛን እንይ።»

«ጋሼ፣ ተው በቃ» አለ አየሉ በአማርኛ።

«ዝም በል አንተ! ስለ ማን ብዬ ነው?» ኒሲም ሊያመልጥ ሲፈናጠር መለሰ በክርኑ አፉን አለው። ከንፈሩ ተተርትሮ ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። አሮጌው ሽጉጥ ከኒሲም እጅ በላይ ቆመ።

መለሰ ግን አልሳበም።

«ሳበው እንጂ!» አለ ኒሲም ደሙን እየዋጠ። «ምን ትጠብቃለህ? ጤነኛ መሣሪያ ነው፣ አይተኩስም። አፍንጫውን እዩት፣ ዙሪያውን ተፍቋል። የሽቦ ምልክት ነው። ሥራ እንዲፈጥን አፍንጫውን ገፍታችሁ በሽቦ አስራችሁታል። ማን እንዳሰረው እኔን አትጠይቁኝ!»

አየሉ ሽጉጡን ከወንድሙ እጅ ወሰደና ወደ ባዶው ጥግ አነጣጥሮ ሳበ። ቀጭ። እንደገና ሳበ። ቀጭ። በጣቱ አፍንጫውን ሲዳስስ ጭረቱ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይዞራል። ይህን ሽጉጥ ከሁለቱ በቀር የነካው የለም፤ እሱ ደግሞ ሽቦ አላሰረም።

ያን ቀን ወለሉ ላይ ወድቆ፣ ፊቱን ይዞ ሲጮህ፣ ፒንሳ አንድ ነገር ሲቆርጥ ሰምቶ ነበር። ወንድሙ አጠገቡ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ምን ይሆን የቆረጠው እያለ እስከ ዛሬ ሲያስብ ከርሟል።

«ሽቦውን ነው የቆረጥከው» አለ። «እኔ ስጮህ፣ መጀመሪያ ሽቦውን።»

መለሰ የኒሲምን እጅ ለቀቀ። «ቸኩለን ነበር… ትንሽ ያፈጥነናል ብዬ ነው። ልነግርህ ስል አንተ መሰላሉ ላይ…»

አየሉ ቡጢ ሰነዘረ፤ ስቶ መደርደሪያውን መታ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ቅርብና ሩቅ ይምታታበታል፤ ውሃ ሲቀዳ እንኳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሳል። ሁለተኛው ቡጢ የመለሰ ጉንጭ ላይ አረፈ። ሦስተኛው አፍንጫው ላይ። መለሰ አልተከላከለም። ደሙን በእጅጌው ጠረገና የገዛ እጁን ጣውላው ላይ ዘረጋ።

«በአዲሱ» አለ። «ልትመርጥ አይደል የመጣኸው? ሞክረው።»

ኒሲም «ሐላስ፣ ይበቃል፣ ውጡልኝ!» አለ። የሰማው የለም። አየሉ አዲሱን ሽጉጥ አንስቶ በወንድሙ እጅ ላይ ዝቅ አደረገው። በአንድ ዓይኑ አፍንጫውና እጁ ተደራርበው ታዩት፤ ክፍተት ይኑር አይኑር መለየት አቃተው።

«ነካህ?»

«አልነካኝም።»

ትንሽ ዝቅ አደረገው። አንድ ለስላሳ ነገር መሣሪያውን መልሶ የገፋው መሰለው።

«ጋሼ፣ ነካህ ወይ?»

«አልነካኝም አልኩህ። ሳበው።»

አየሉ የወንድሙን ቃል አመነ፤ ማመን ፈልጎ ነበር። ሳበ።

ጥይት እንደተተኮሰ ሱቁ አስተጋባ። መለሰ ጉልበቱ ታጠፈ፤ እጁ ግን ጣውላው ላይ እንደተሰፋ ቀረ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ደም እየሞላ።

«ጥሩ ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ሲነካ ብቻ ነው የሚተኩሰው። ይሄን ውሰድ።»

ኒሲም ፒንሳ ፍለጋ ወደ ጓዳ ሮጠ። አየሉ ሽጉጡን ብሎኖቹ መሃል ጣለና ወንድሙን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። ፒንሳው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።