የጳጉሜ ሽርሽር

ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ሽርሽር እንውጣ ብሎኝ የማያውቀው ባሌ፣ ዘንድሮ ጳጉሜን ጣና ላይ በሞተር ጀልባ እናሳልፍ አለኝ። ሁለት ቀን ከደሴት ደሴት ዞርን። ጉማሬ አሳየኝ፤ ከጀልባ ስወርድ እጄን ይዞ ደገፈኝ። የማን ጸሎት ደርሶልኝ ይሆን እያልኩ ተገረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ሴት የማትገባበት ገዳም ደረስን። «ተሳልሜ መጣሁ» አለኝና በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። እኔ ለሁለት የቋጠርኩትን ምሳ ታቅፌ ጀልባው ላይ ጠበቅኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽማግሌው ባለጀልባ ሞተሩን አስነሳ።

«ኧረ ሰውየው አልመጣም» አልኩት።

«እሳቸውማ ቀሩ። እርስዎን ብቻ እንድመልስ ነው ያዘዙኝ።»

«የት ነው የሚቀረው?»

«ሊመነኩሱ ነዋ። ባለፈው ወርም እኔው ነኝ ያመጣኋቸው። አባቶች ሚስት ያለው አንቀበልም ሲሏቸው፣ ሚስቴ ሞታለች ብለው አልቅሰው ለመኑ።» ዞር ብሎ አየኝ። «እርስዎ እህታቸው አይደሉም እንዴ?»

ምሳውን ጥዬ ወረድኩ። በረኛው መነኩሴ መቋሚያውን መንገዱ ላይ አጋደመብኝ።

«እናቴ፣ ሴት ከዚህ አታልፍም።»