ከአስመራ የመጣ ኪኒን

ወባ የፎገራን ሜዳ በፈጀበት ዓመት፣ በኅዳር አንድ ቀን፣ ጥሩብርሃን ትንሽ ልጇን አዝላ ከጎረቤቷ ከሸጌ ደጃፍ ቆመች። የልጅቱ ራስ በእናቷ ትከሻ ላይ ወድቋል።

«እቴ ሸጌ፣ ማሩ ከላከልሽ ኪኒን የተረፈሽ ይኖር እንደሁ ብዬ ነው።»

ሸጌ ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየች። የራሷ ልጅ መደቡ ላይ ይንቀጠቀጣል። ባሏ ማሩ አስመራ የቀን ሥራ እየሠራ የገዛውን ኪኒን በጭነት መኪና ሹፌር እጅ እስከ ወረታ ልኮላት ነበር። አሁን የቀረው ለአንድ ልጅ ብቻ የሚበቃ ሲሆን፣ እሱንም መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች።

«ትናንት አለቀ» አለች። ይህን ስትል ሳይታወቃት እጇ ቋጠሮውን ጨበጠ።

ጥሩብርሃን የጨበጠችውን አየች። ሸጌ እርግማኑን እየጠበቀች አንገቷን ደፋች። ጥሩብርሃን ግን ልጇን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካክላ አዘለቻት።

«ማሩ ሲሄድ የኔም ባል አብሬው ልሂድ ብሎ ተነሥቶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እግሩ ላይ ወድቄ፣ አልቅሼ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ «ያንቺን ይማርልሽ» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ሸጌ በሩን ተደግፋ እስክትርቅ ድረስ አየቻት፤ አልጠራቻትም።